የተጻፈ ይወረሳል፤ የተሠራስ?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። የዛሬው ጽሑፌ ይህን የቆየ ብሂል ወደ ቤተ ሙከራ ቋንቋ ከመመለስ ያለፈ ላይሆን ይችላል። ሆኖም ተማሪዎቻችን በየዓመቱ በእጃቸው የሚሠሯቸው መሣሪያዎች ከምረቃ ማግስት ጀምሮ የመደርደሪያ ጌጥ ሆነው ሲቀሩ እያየሁ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ ጥቂት አብረን እናስብ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አራት ተማሪዎች ለመመረቂያ ፕሮጀክታቸው የአየር ሙቀትና የፀሐይ ብርሃን እየለካ የሚመዘግብ አነስተኛ መሣሪያ ሠሩ። በገለጻው ዕለት መሣሪያው ያለ እንከን ሠራ፤ እነርሱም ጥሩ ውጤት አግኝተው ተመረቁ። በዓመቱ ሌላ ቡድን ሥራውን ሊያስቀጥል ሲነሣ የተረከበው አንድ ሰርኪዩት ቦርድና አንድ ፍላሽ ዲስክ ብቻ ነበር። በፍላሹ ውስጥ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ ሁለት»፣ «ትክክለኛው የመጨረሻ» የተባሉ ፋይሎች ተደርድረዋል። ከእነዚህ አንዱን ፕሮግራም መርጠው ቢጭኑ፣ ክፍሉ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ሳለ መሣሪያው 9 ዲግሪ ገደማ ያነብ ጀመር። ምክንያቱ የታወቀው ከብዙ ሳምንታት ድካም በኋላ ነው። በንድፉም በፕሮግራሙም 10 ኪሎ ኦም ተብሎ የተመዘገበው ሬዚስተር በቦርዱ ላይ 4.7 ኪሎ ኦም ሆኖ ተገኘ። በገለጻው ዕለት የሠራው የተስተካከለ ፕሮግራም በፍላሹ ውስጥ አልነበረም። ከተመራቂዎቹ አንዱ በስልክ ሲጠየቅ፣ «ከገለጻው በፊት በነበረው ሌሊት የቀየርኩት ይመስለኛል፤ ለምን እንደሆነ ግን አላስታውስም» አለ።

ልጁን አልወቅስም። ጥፋቱ የእኛ የመምህራኑ ነው። የተሠራውን ዕቃ አስረክቡ እንላለን እንጂ የሥራውን ታሪክ አስረክቡ ብለን አናውቅም።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 1999 ማርስ ስትደርስ ጠፍታለች። ከምድር ሆኖ የሞተሮቿን ግፊት ያሰላ የነበረው ሶፍትዌር ውጤቱን በፓውንድ-ሰከንድ ሲሰጥ፣ ተቀባዮቹ ቁጥሩን እንደ ኒውተን-ሰከንድ ወሰዱት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 4.45 እጥፍ ነው። በ226 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ልታልፍ የታሰበችው መንኮራኩር 57 ኪሎ ሜትር ያህል ድረስ ወርዳ ከባቢ አየሩ ውስጥ ገባች። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላው የአጣሪ ቦርዱ ግኝት ነው። የጉዞ መስመሩን የሚከታተሉት ባለሙያዎች አንድ ነገር እንዳልተስተካከለ ጠርጥረው ነበር፤ ጥርጣሬያቸውን ግን ችግር በሚመዘገብበት መደበኛ ሥርዓት አላስገቡትም። በመዝገብ ያልሰፈረ ጥርጣሬ ደግሞ የሚከታተለው ባለቤት አያገኝም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከአውሮፓ ነው። ኤርባስ ኤ380ን ሲገነባ በአንድ አውሮፕላን ውስጥ 530 ኪሎ ሜትር ያህል የኤሌክትሪክ ገመድ መዘርጋት ነበረበት። የጀርመንና የስፔን መሐንዲሶች ካቲያ የተባለውን የንድፍ ሶፍትዌር አራተኛ እትም፣ የፈረንሳይና የብሪታንያ መሐንዲሶች ደግሞ አምስተኛውን እትም ይጠቀሙ ነበር። ሐምቡርግ የተዘጋጁት ገመዶች ቱሉዝ ላይ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር ሊገጥሙ አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ለሆነውና ርክክቡን ሁለት ዓመት ያህል ላጓተተው ችግር ይህ አለመጣጣም ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነበር። እዚያ ኮምፒውተርም ገንዘብም አልጠፋም። የጠፋው ሁሉም «ይህ ነው ትክክለኛው» ብለው የሚስማሙበት አንድ መዝገብ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ የሙያዬ ኩራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ቲም በርነርስ ሊ በአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት፣ በሰርን፣ ለአለቆቹ አንድ የሐሳብ ሰነድ አቀረበ። ያስጨነቀው ጉዳይ የእኛው ነበር፤ ሰዎች ሁለት ዓመት ያህል ሠርተው ሲሄዱ ስለ ውስብስብ መሣሪያዎቹ ያላቸው ዕውቀት አብሮ ይሄዳል። ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት ድረ ገጽ የተወለደው ከዚህ ጭንቀት ነው። የፊዚክስ መሣሪያ የሚሠሩ ሰዎች ትዝታቸውን የሚያኖሩበት ቦታ ፈልገው ለሰው ልጅ ሁሉ የሚሆን ነገር አገኙ ማለት ነው።

ወደ ዘመኑ መሣሪያዎች ስንመጣ፣ «ክላውድ» ወይም «ደመና» የሚባለው ሰማይ ላይ የተሰቀለ ነገር አይደለም። በሌላ ሕንፃ ውስጥ ተቀምጦ በኢንተርኔት የምንደርስበት ኮምፒውተር ነው። የንድፍ ፋይሎች፣ የዕቃዎች ዝርዝር፣ የሥራ ክፍፍልና የፍተሻ ውጤቶች በዚያ ሲቀመጡ የቡድኑ አባላት ሁሉ አንድን ነገር ያያሉ። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠም ይመዘገባል። «ትክክለኛው የመጨረሻ» የሚባል ፋይል አያስፈልግም፤ የኋላ እትሞች በየተራቸው ተቀምጠዋልና። የሰርኪዩት ንድፍ የሚሠራበት ኪካድ ያለ ክፍያ የሚገኝ ሲሆን፣ የሰርን መሐንዲሶችም ለዕድገቱ አስተዋጽኦ አድርገዋል።

ነገር ግን ሃርድዌር የራሱ ጠባይ አለው። ሶፍትዌር ላይ የሚሠራ ሰው ፋይሉን ሲመልስ ሥራው አብሮ ይመለሳል። ቶርኖ ቤት ገብቶ የተቆረጠ ብረት ግን አይመለስም፤ የተቃጠለ ትራንዚስተርም እንዲሁ። ከዚህም በላይ መዝገቡና ዕቃው ሊለያዩ ይችላሉ። አንድ ሰው ሌሊት ላይ ሬዚስተር ሲቀይር ደመናው በራሱ አያውቅም። ስለዚህ መሣሪያው ብቻውን አያድነንም፤ ልማድ ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ቦርድና ብረት ላይ ከመዝገቡ ጋር የሚዛመድ የእትም ቁጥር ይጻፍ። እያንዳንዱ ለውጥ ከነምክንያቱ ይመዝገብ። ቁጥር ሁሉ አሃዱን ይዞ ይቀመጥ። ብረት ከመቆረጡና ቦርድ ከመታዘዙ በፊት ንድፉን ከሠራው ሰው ሌላ አንድ አባል አይቶ ያጽድቀው።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «መብራት በሚጠፋበት፣ ኢንተርኔት በሚቋረጥበት አገር ሥራን በደመና ላይ መስቀል ሞኝነት ነው» የሚል ነው። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ እንደነበር የማያስታውስ የለም። መልሱ ግን መሣሪያን መምረጥ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የፈጠረው ጊት ሙሉውን መዝገብ ከነታሪኩ በየአንዳንዱ አባል ኮምፒውተር ላይ ያኖራል። መስመሩ ቢቋረጥ ሥራው ይቀጥላል፤ ሲመለስ ይዋሃዳል። በድረ ገጽ ብቻ የሚከፈተውን መሣሪያ ደግሞ ለብቸኛ ማኅደርነት አልመክርም። የፋኩልቲያችን ሰርቨርም ተጨማሪ ቅጂ ቢይዝ መልካም ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ሥራ ከተከፈተ ይሰረቃል» የሚል ነው። እኔ ተቃራኒው ይታየኛል። ዛሬ ከአራት አባላት አንዱ ሠርቶ አራቱ እኩል ውጤት ሲያገኙ የምንለይበት መንገድ የለንም። ቀንና ስም የያዘ መዝገብ ግን ለሠራው ይመሰክራል። ማን ማየት እንደሚችልም ቡድኑ ይወስናል።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍሎቻችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ማንኛውም የመመረቂያ ፕሮጀክት ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ የጋራ መዝገብ ይኑረው። መዝገቡ ከአንድ ተማሪ የግል አድራሻ ሳይሆን ከትምህርት ክፍሉ ጋር ይያያዝ፤ የይለፍ ቃል ከተመራቂ ጋር አገር ለቆ እንዳይሄድ። ውጤትም የሚሰጠው ሥራውን የማያውቅ ሌላ ተማሪ መዝገቡን ብቻ ይዞ መሣሪያውን ማስነሣት ሲችል ይሁን። ይህ ለመምህሩ የሥራ ጫና፣ ለተማሪውም መሰላቸት እንዳለው አልክድም። ነገር ግን በየዓመቱ ያንኑ የሙቀት መለኪያ ከዜሮ እየጀመርን እስከ መቼ እንዘልቃለን?

ከላይ ያወሳሁት መሣሪያ ዛሬ በሦስተኛ ቡድን እጅ ነው። የመዝገባቸው የመጀመሪያ መስመር፣ «ሬዚስተሩ 4.7 ኪሎ ኦም ነው፤ ምክንያቱ አይታወቅም፤ በመለካት ይረጋገጥ» ይላል። ከእነርሱ በኋላ የሚመጡት ምክንያቱን ከመዝገቡ ያነቡታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ቸር እንሰንብት።