ኤሲ ከማውጣትህ በፊት

ገዳሪፍ ጋራዥ የምትውሉ ልጆች፣ የዛሬው አምድ ለእናንተ ነው። በቅርቡ አንድ ልጅ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። ያቃጠለው እሳት አልነበረም፤ ብርድ ነው። ከፋሽጋ እርሻ የመጣ አሮጌ ፒካፕ ኤሲ አውጣ ተብሎ ቱቦውን ሲፈታ፣ የታመቀው ጋዝ ጣቶቹ ላይ ወጣበት።

ኤሲው ባይሠራም ጋዝ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ቱቦ ከመፈታቱ በፊት ጋዙን በማሽን የሚስብ ባለሙያ ይቅደም። በተዘጋ ቤት ከወጣ ያፍናል፤ እሳት ካገኘው ወደ መርዝ ይለወጣል። ሲጋራም ብየዳም አጠገቡ አይኑር። እጅ ከነካ ለብ ባለ ውሃ ይነከራል እንጂ አይታሽም፤ ከዚያ ወደ ክሊኒክ ነው።

ቀጥሎ ችንጋውን እዩ። ኮምፕረሰሩ የራሱ ችንጋ ካለው እሱን ብቻ ማውለቅ ይበቃል፤ ቱቦም አይነካም፣ ባለመኪናውም ብዙ አያወጣም። ችንጋው የውሃ ፓምፑን አብሮ የሚያዞር ከሆነ ግን እንዲሁ ቢወልቅ ሞተሩ ይፈላል። በኮምፕረሰሩ ቦታ ባዶ ፑሊ ይገባል፣ ወይም በልኩ አጠር ያለ ችንጋ ይፈለጋል።

ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ሲወጣ ራዲያተሩ ነፋስ ያገኛል፤ በሚያዝያ ሙቀት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የተቆረጠውን ሽቦ ጠቅልሉ፤ ቱቦው ያለፈበትን ቀዳዳም ድፈኑ፤ ጭስ ወደ ተሳፋሪው እንዳይገባ።

አለቃ «ቶሎ በል» ይላል። እናንተ «መጀመሪያ ጋዙ» በሉ። ሥራ ነገም ይገኛል፤ ጣት ግን አይገዛም።