ሉሲዎችን የጣላቸው መለያ ምት አይደለም

ፍላቂት ውስጥ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ከሰማሁት ልጀምር። የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ወሬ ተነሣ። ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ሊያነሣው! የማንቸስተርን አሰላለፍ እስከ ተጠባባቂ በረኛው በቃሉ የሚያውቅ ወንድሜ «እነሱ ደግሞ ምን ውጤት አምጥተው ያውቃሉ?» አለኝ። ከጎኑ የተቀመጠው ደግሞ ከንፈሩን መጠጠና «ዕድል የላቸውም እኮ፤ ሁሌ በመለያ ምት ነው» ብሎ አዘነላቸው።

ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም ነው። ለሚንቃቸውም፣ ለሚያዝንላቸውም። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው ይብስብኛል።

መጀመሪያ ለናቂው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የውድድሮቹ ስም ከዚያ ጋር ስለሚሄድ።) የኢትዮጵያ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን በ2002 ናይጄሪያ ባዘጋጀችው የአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ ላይ ተሳትፏል። በ2004 ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ላይ ግማሽ ፍጻሜ ገብቷል። አዎ፣ ግማሽ ፍጻሜ። በናይጄሪያ 4 ለ 0 ተሸነፈና ለሦስተኛ ደረጃ ከጋና ጋር ተጫወተ፤ ያለ ጎል አለቀ፤ ጋና በመለያ ምት አሸነፈች። አራተኛ ወጣን። ከአፍሪካ አራተኛ! ልብ በሉ፣ በዚያ ውድድር ላይ ከነበሩት ስምንት አገሮች መካከል ሞሮኮ የለችም። ዛምቢያም የለችም። እነዚህ ሁለቱ በ2023 የዓለም ዋንጫ ላይ ከናይጄሪያና ከደቡብ አፍሪካ ጋር አፍሪካን ወክለው ተጫውተዋል። እኛ ያኔ ከነሱ ፊት ነበርን።

በ2012 ታንዛኒያን አሸንፈው ለሦስተኛ ጊዜ አለፉ። ያን ዓመት ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ፤ ግን በሌላ ምክንያት ነው። ዋሊያዎቹ በጥቅምት ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፉበት ዓመት ነው። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ መኪናው ጡሩንባውን ነፋ፤ እኔም አብሬ ጨፍሬያለሁ። ሉሲዎች ግን ከዚያ ቀደም ብለው አልፈው ነበር። ዋሊያዎቹ ባለፉ በሁለት ሳምንት ገደማ ሴቶቹ ኢኳቶሪያል ጊኒ ላይ ውድድራቸውን ጀመሩ። እስቲ በዚያ ሳምንት የት እንደነበራችሁ አስታውሱ። ከምድባቸው አላለፉም፤ ከዚያ ወዲህም ወደዚህ ውድድር አልተመለሱም። ያኔ ውድድሩ የስምንት አገር ነበር። በ2022 አሥራ ሁለት ሆነ፤ ለ2026 ደግሞ አሥራ ስድስት ተደረገ። በሩ ጠባብ ሳለ ሦስት ጊዜ የገባን ሰዎች፣ በሩ ሲሰፋ ደጅ ቀረን። በ2022 ቡሩንዲ እንኳ ገብታለች፤ ቡሩንዲን ለመናቅ አይደለም፤ ቡሩንዲ ከኛ የምትበልጠው በሕዝብ ብዛትም፣ በሀብትም፣ በኳስ ታሪክም ስላልሆነ ነው።

አሁን ለአዛኙ ወንድሜ። «ዕድል የላቸውም» ላልከው።

በ2021 ለዚያ ለ2022ቱ ውድድር ማጣሪያ ከዩጋንዳ ጋር ተገናኘን። ዩጋንዳ ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን። በሳምንቱ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸነፍን። ድምር ውጤቱ 2 ለ 2 ሆነ፤ ወደ መለያ ምት ሄዱ፤ ዩጋንዳ አለፈች። በ2025 ለ2026ቱ ውድድር ማጣሪያ እንደገና ዩጋንዳ መጣች፤ እንደገና በመለያ ምት ወደቅን። ሰው ይህን ሲያይ ዕድል ይላል። እኔ ግን የ2021ዱን ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ነው የማየው። ያው ቡድን ነው፤ ያው ተጋጣሚ ነው፤ በመካከል ያለው አንድ ሳምንት ብቻ ነው። በሳምንት ውስጥ አራት ጎል ያህል የሚሻሻል ቡድን ምን ዓይነት ቡድን ነው? የሜዳ ጥቅም አለ፣ አልክድም። ግን ዋናው ነገር ሌላ ይመስለኛል፤ የመጀመሪያው ጨዋታ መለማመጃቸው ነበር። ሌላው አገር ለማጣሪያ ሲቀርብ የአቋም መለኪያ ጨዋታ አድርጎ ነው። የኛ ልጆች ከማጣሪያ ማጣሪያ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ፣ አብረው ሳይጫወቱ ይቆዩና ጥሪ ይደረግላቸዋል፤ ሆቴል ይገባሉ፤ ጥቂት ሳምንት ይሠራሉ፤ ሄደው ዘጠና ደቂቃ ይተዋወቃሉ። ሲተዋወቁ 2 ለ 0 ሆኗል። መልሱን ጨዋታ ያንን ለመመለስ ይሮጣሉ፤ ይመልሱታል፤ እግራቸው ዝሎ መለያ ምት ይመታሉ። እንግዲህ ይሄ ነው «ዕድል» የምንለው።

ልጆቹ አይችሉም እንዳይባል ደግሞ ማስረጃው ሞልቷል። በ2019 ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ማጣሪያ ካሜሩን ገጠመችን። ካሜሩን በዚያው ክረምት ፈረንሳይ ላይ በዓለም ዋንጫው ከምድቧ አልፋ ነው የመጣችው። እዚህ 1 ለ 1፣ እዚያ 0 ለ 0። ካሜሩን ያለፈችው እኛ ሜዳ ላይ ባገባችው አንድ ጎል ብቻ ነው። በ2023 ደግሞ ናይጄሪያ። ናይጄሪያ ከሦስት ወር ገደማ በፊት በዓለም ዋንጫው አዘጋጇን አውስትራሊያን 3 ለ 2 አሸንፋ፣ ከእንግሊዝ ጋር ያለ ጎል ተለያይታ በመለያ ምት ብቻ የወደቀች ቡድን ናት። አበበ ቢቂላ ስታዲየም ላይ 1 ለ 1 ወጣን። (በነገራችን ላይ ወንዶቹ የካፍን መስፈርት የሚያሟላ ሜዳ አጥተው «የሜዳቸውን» ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወቱ፣ ሴቶቹ እንግዳ የተቀበሉት እዚህ ነበር። ይህን ማን ልብ አለ?) ከስድስት ቀን በኋላ አቡጃ ላይ 4 ለ 0 ተሸነፍን። እዚህ ላይ ነገሩ ከዩጋንዳው የተገላቢጦሽ ሆነ፤ አንዱን ጨዋታ ቻሉት፤ ሁለተኛውን የሚሸከም ትከሻ አልነበረም። እንዲህ ያለ ትከሻ በስብከት አይገኝም፤ በጨዋታ ብዛት ነው የሚገኘው።

«ይሄ የአንተ ግምት ነው» የሚለኝ ይኖራል። ይሁን። ግን አንድ ፈተና በራሳችን አገር ተካሂዷል፤ ውጤቱንም አይተናል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ክለብን ማለቴ ነው። ካፍ በ2021 የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግን ሲጀምር ንግድ ባንክ ለሴካፋ ማጣሪያ ሄዶ ለፍጻሜ ደረሰ፤ በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በ2023 እንደገና ለፍጻሜ ደረሰ፤ በታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ ተሸነፈ፤ ያውም በመለያ ምት! ያኔም «ዕድል የላቸውም» ተባለ። በ2024 አዲስ አበባ ላይ ማጣሪያውን አሸነፉና ሞሮኮ ሄዱ። እዚያ ከምድባቸው አላለፉም፤ ይህንንም ልናገር፣ አልደብቅም። ግን ልዩነቱን ተመልከቱ። ክለቡ ልጆቹን በየሳምንቱ ያጫውታል፤ ደመወዝ ይከፍላል፤ ተሸንፎ ሲመለስ አይበትናቸውም፤ በዓመቱ ይመለሳል። ሁለት ፍጻሜ ተሸንፎ ሦስተኛውን ወሰደ። ብሔራዊ ቡድኑ ከነዚሁ ልጆች ብዙዎቹን ይጠራል። ታዲያ የክለቡን ማሊያ ሲለብሱ የሚገኘው ዕድል የአገሩን ሲለብሱ የት ይሄዳል?

ገንዘብ የለም ይባላል። ለወንዶቹ ፕሪሚየር ሊግ በ2020 የቴሌቪዥን መብት ለአምስት ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል፤ ደግ ነገር ነው፤ ለሴቶቹ ግን እንዲህ ያለ ገዢ የሚፈልግ ሰው አላየሁም። ፊፋ ደግሞ ለእያንዳንዱ አባል ፌዴሬሽን ከ2023 እስከ 2026 ባሉት አራት ዓመታት እስከ 8 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የልማት ድጋፍ መድቧል፤ ከመስፈርቶቹ አንዱ የሴቶች እግር ኳስ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ጨርሶ የለም አይባልም። የሚባለው «ከዚያ ላይ ለሴቶቹ ስንት ጨዋታ ገዛንበት?» ነው። ናይሮቢ ሁለት ሰዓት በረራ ነው። ካምፓላም እንደዚያው። ከኬንያ ጋር የአቋም መለኪያ ጨዋታ ለማድረግ የሚያስፈልገው የአውሮፕላን ቲኬትና የሦስት ቀን ሆቴል ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልምጣ፤ ሻይ ቤት ውስጥ ሦስተኛው ሰው ያነሣው ነው፤ ዝም ብሎ ሲሰማን ቆይቶ «ሰው እየሞተ፣ ልጅ ከትምህርት ቀርቶ፣ እናንተ ስለ ኳስ ታወራላችሁ» አለ። ለዚህ ሰው መልስ መስጠት ይከብዳል፤ ምክንያቱም መቄት ጦርነትን በቴሌቪዥን አይደለም ያየችው። በ2013 መጨረሻ ዓ.ም. መጣ፤ ለወራት ቆየ፤ ሄደ ሲባል በ2015 መጨረሻ ደግሞ በሌላ መልኩ ተመለሰ። በክልላችን ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ የምታውቁት ነው። ሰውዬው ልክ ነው፤ መጀመሪያ ሰላም፣ መጀመሪያ ትምህርት ቤት። ግን አንድ ነገር ልጠይቀው፦ ይህ ጥያቄ ለወንዶቹ ሊግ ቀርቦ ያውቃል? በነዚያ ሁሉ ዓመታት የወንዶቹ ውድድር ቀጥሏል፤ ሻይ ቤቱም የእንግሊዝን ጨዋታ አላቋረጠም። «ጊዜው አይደለም» የሚባለው ሁልጊዜ የሴቶቹ ተራ ሲደርስ ነው።

ይህን በዓይኔ ያየሁት አለ። ጦርነቱ ሳይመጣ፣ በዚህ አካባቢ በትምህርት ቤቶች መካከል ውድድር ነበር። ትምህርት ቤቱን አልጠራም። የወንዶቹ ጨዋታ ተራዘመ፤ ጭጋግ ወረደ፤ የሴቶቹ ጨዋታ «ለሌላ ቀን» ተባለ። ልጃገረዶቹ ከጠዋት ጀምሮ ማሊያቸውን በቀሚሳቸው ላይ ደርበው ቆመው ነበር፤ የሚበዙት ኮንጎ ጫማ አድርገዋል። ሌላው ቀን አልመጣም። ከነሱ መካከል አንዷ፣ ሰባተኛ ክፍል ነበረች፣ ከወንዶቹ እኩል የምትሮጥ፣ ኳስ በግራም በቀኝም የምትመታ ልጅ ነበረች። ስምንተኛን ሳትጨርስ ተዳረች። ኳስ ቢኖር አትዳርም ነበር ብዬ አልምልም። ነገር ግን ቤተሰቧ ፊት ሄዶ «ይቺ ልጅ ትፈለጋለች» የሚል ክለብም፣ አሠልጣኝም፣ ፕሮጀክትም አልነበረም።

ሎዛ አበራን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዱራሜ ተነሥታ በሐዋሳ፣ በደደቢት፣ በአዳማ፣ በንግድ ባንክ ተጫውታለች፤ ማልታ ሄዳ በቢርኪርካራ ሻምፒዮንም ኮከብ ጎል አስቆጣሪም ሆናለች፤ በ2024 ደግሞ አሜሪካ ለዲሲ ፓወር ፈርማለች። ዱራሜ ለንደን አይደለችም፤ የገጠር ከተማ ናት፤ እንደ ፍላቂት። ልዩነቱ ደቡቡ ለሴት ልጅ ኳስ ቀደም ብሎ ቦታ መስጠቱ ነው። ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ የሴት ቡድን አቁመው ለአገር ተጫዋች አወጡ። እኛ ወሎዬዎችስ? ወልድያ ላይ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ ከሃያ አምስት ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ስታዲየም አለን። ከላስታ፣ ከመቄት፣ ከዋድላ፣ ከግዳን የተውጣጡ ልጃገረዶች እዚያ ሣር ላይ ተጋጥመው ያውቃሉ? ውኃ ቀድታ ዳገት የምትወጣ፣ በሦስት ሺህ ሜትር ላይ የምትተነፍስ ልጅ ያለችበት አገር ተጫዋች አጣሁ ቢል ማን ያምነዋል?

ከታች ያሉት ልጆች ደግሞ እየነገሩን ነው። ከ20 ዓመት በታች ሴቶቻችን በ2022ም በ2024ም ለዓለም ዋንጫ የመጨረሻው የማጣሪያ ዙር ደርሰዋል፤ መጀመሪያ ጋና፣ ቀጥሎ ሞሮኮ አስቀሯቸው። ከዓለም ዋንጫ አንድ ደርሶ መልስ ብቻ ነበር የቀራቸው። ዛሬ እነዚያ ልጆች ሃያዎቹ ውስጥ ናቸው፤ ለዋናው ቡድን የሚደርሱበት ዕድሜ ነው። ሞሮኮ ያን ትውልዷን ታጫውታለች። እኛ የኛን ለሚቀጥለው ማጣሪያ አስቀምጠነዋል።

ፊፋ ለሴቶች ብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ የሚፈቅድባቸውን ቀኖች አስቀድሞ ያወጣል፤ ማንም ሰው ስልኩ ላይ ሊያየው ይችላል። እኔ ከእንግዲህ ስለ ዕድል ከማንም ጋር አልከራከርም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቀው፦ የሚቀጥለው መስኮት ሲከፈት ሉሲዎች ከማን ጋር ነው የሚጫወቱት? የሚያውቅ ካለ ከታች ይጻፍልኝ። ሻይ ቤት ወስጄ አነብላቸዋለሁ።