ዓሣን ማየትና ዓሣን መቊጠር



ሥራዬ በንብረት ክፍል መዝገብ መያዝ ነው። ዕቃው በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ ማወቅና ስንት እንደ ቀረ ማወቅ የተለያዩ መሆናቸውን ከዚሁ ተምሬአለሁ። ስለ ዓሣ መፈለጊያው ሶናርም የምለው ይህንኑ ነው።

መሣሪያው ወደ ውሃ ድምፅ ይልካል። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የገደል ማሚቶው ተመልሶ እስኪመጣ የፈጀውም ጊዜ ጥልቀቱን ያስታውቃል። ዓሣው በሆዱ ያለው የአየር ከረጢት ድምፁን ስለሚመልስ በመሣሪያው ይታያል። ጥበቡ በእውነት የሚያስመሰግን ነው።

ነገር ግን መሣሪያው ዓሣው የት እንደ ተሰበሰበ እንጂ በባሕሩ ሁሉ ምን ያህል እንደ ቀረ አይናገርም። በካናዳ፥ በኒውፋውንድላንድ ባሕር፥ የኮድ ዓሣ ከመጠን በላይ ተሰግሮ ቊጥሩ ሲመነምን፥ የቀረው መንጋ በአንድ ስፍራ ይሰበሰብ ነበር። መርከቦችም በሶናር እየፈለጉ ስላገኙት የመረቡ መሙላት ሰውን አዘናጋ። በ1984 ዓ.ም. ማስገሩ ሲታገድ 30,000 ያህል ሰዎች ሥራ አጡ፤ ዕገዳው የተነሣው በ2016 ዓ.ም. ነው።

በጣናም ብዙ ዓሦች በክረምት ሊራቡ በወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ። ስለዚህ መሣሪያው በሐይቆቻችን ከመብዛቱ በፊት ቈጠራው ይቅደም እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፥
አንድ አንባቢ