በወደብ አጠገብ ቤት ስለ መግዛት

አዲስ ወደብ በተከፈተ ቁጥር ነጋዴ ሁለት ነገር ያስባል። አንደኛው ዕቃውን በዚያ በኩል ማሳለፍ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ዋጋው ሳይወደድ በወደቡ አጠገብ ቤት መያዝ ነው። የፊተኛው ሐሳብ በሒሳብ መዝገብ ይመረመራል፤ የኋለኛው ግን ብዙ ጊዜ በወሬ ብቻ ይፈጸማል። በኬንያ ጠረፍ የምትገኘው ትንሿ የላሙ ከተማ ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ ናት።

በየካቲት ወር 2004 ዓ. ም. የኬንያው ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ፣ የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊና የደቡብ ሱዳኑ ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር በላሙ ተገኝተው፣ ሦስቱን አገሮች በመንገድ፣ በባቡርና በነዳጅ ቧንቧ የሚያገናኘው ታላቅ ሥራ መጀመሩን አበሠሩ። በግንቦት ወር 2013 ዓ. ም. የወደቡ የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያ ተመርቆ ሥራ ጀመረ። በዕቅዱ የታሰቡት ማቆሚያዎች 32 ሲሆኑ፣ ተሠርተው የተገኙት ጥቂቶች ናቸው፤ የባቡሩም ሐዲድ ገና አልተዘረጋም። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ቤት ገዢ ሊያውቀው የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ወደቡ የተሠራው በማንዳ ወሽመጥ በየብሱ ዳር ሲሆን፣ አሮጌው ከተማ ግን ባሕር በሚለያት ደሴት ላይ መሆኑ ነው። እንግዲህ ወደቡ ስለ ተከፈተ በደሴቲቱ ላይ ያለው ቤት ሁሉ ወርቅ ይሆናል ብሎ የሚገዛ ሰው፣ ካርታውን ሳያይ ገንዘቡን ቈጥሯል ማለት ነው።

የቤቶቹም ጠባይ ሊታወቅ ይገባል። በ1994 ዓ. ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው አሮጌው ከተማ፣ ኮራል ከሚባለው የባሕር ድንጋይ በኖራ እየተገነባ የተሠራ ነው። ጣራውን የሚሸከመው በባሕሩ ዳር የሚበቅለው የማንግሮቭ እንጨት ስለሆነ፣ የክፍሉ ወርድ ከእንጨቱ ርዝመት ሊያልፍ አይችልም፤ ስለዚህ ክፍሎቹ ረዣዥምና ጠባቦች ናቸው። ወፍራሙ ግድግዳና የውስጡ ግቢ ሙቀቱን ያበርዳሉ። በየበሩም ፊት ጎረቤት ከጎረቤቱ የሚጨዋወትበት ባራዛ የሚባል የድንጋይ መደብ አለ።

እንዲህ ያለ ቤት በየጊዜው እጅ ይፈልጋል። የባሕሩ ጨው ብረቱን ያዝገዋል፤ ምስጥም እንጨቱን ይበላዋል። በሌላ አገር የለመዱትን ሲሚንቶ በኖራው ላይ የሚለስኑ ሰዎች፣ እርጥበቱንና ጨዉን በግድግዳው ውስጥ አፍነው ያስቀሩታል፤ ልስኑም ብዙ ሳይቈይ እየተቀረፈ ይወድቃል። መንገዶቹ ጠባቦች ስለሆኑ ድንጋዩና ኖራው ከጀልባ ወርዶ የሚደርሰው በአህያ ወይም በሰው ትከሻ ነው፤ ይህም ሁሉ ከቤቱ ዋጋ ጋር መደመር አለበት። ቅርስ የሆነውን ቤት እንደ ወደዱ ማፍረስና መለወጥም አይፈቀድም። ጨው የሌለበት የመጠጥ ውሃ የሚቀዳው ደግሞ በሼላ መንደር በኩል ካለው የአሸዋ ክምር ሥር ነው፤ አሸዋው በቤት ከተሸፈነ የከተማው ሁሉ ጉድጓድ ይጐዳል።

ስለ ሕጉ የሚነገረው አጭርና ግልጽ ነው። በ2002 ዓ. ም. የጸናው የኬንያ ሕገ መንግሥት በ65ኛው አንቀጽ፣ ዜጋ ያልሆነ ሰው መሬት ሊይዝ የሚችለው በኪራይ ብቻ፣ ያውም ከ99 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ እንዲሆን ወስኗል። የዘለዓለም ርስት የሚል ውል ቢጻፍለት እንኳ ሕጉ የሚቈጥረው እንደ 99 ዓመት ኪራይ ነው። ኩባንያ አቋቁሞ በስሙ መግዛትም መንገድ አይሆንም፤ እንደ ዜጋ የሚታየው ኩባንያ ባለቤቶቹ በሙሉ ዜጎች የሆኑለት ነውና። ከዚህም ሌላ የድሮ ቤት ብዙ ወራሾች ይኖሩታል፤ አንዱ ወራሽ ሳይፈርም የተገዛ ቤት የክርክር መጀመሪያ ነው። በኬንያ ጠረፍ፣ በተለይም በሞምባሳ፣ ቤቱ የአንዱ፣ መሬቱ የሌላው የሚሆንበትም ልማድ ስላለ፣ ሻጩ የሚሸጠው የትኛውን እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከኢትዮጵያ የሚነሣ ገዢም ቀብድ ከመስጠቱ በፊት የብሔራዊ ባንክን የውጭ ምንዛሪ ደንብ ይመልከት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሰፈሩ ኑሮ ነው። በሼላ ከአውሮጳ የመጡ ብዙ ሰዎች የድሮ ቤቶችን ገዝተው አድሰዋል። ይህን የሚደግፉ ሰዎች፣ ሊፈርስ የቀረበ ቤት ዳነ፣ ግንበኛውና እንጨት ፈልፋዩ ሥራ አገኘ፣ የአገሩም ሰው ንብረቱን በጥሩ ዋጋ የመሸጥ መብት አለው ይላሉ። ነገሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ጌታው በዓመት አንድ ወር ብቻ የሚያድርበት ቤት፣ ዐሥራ አንዱን ወር ከሰፈሩ ባለሱቅ ስኳር አይገዛም፤ ከዓሣ አጥማጁም ዓሣ አይገዛም፤ በባራዛውም ላይ የሚቀመጥ ሰው የለም። እንዲህ ያለው ቤት በበዛ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል፤ የአገሩ ልጅ ግን ትዳር ይዞ የሚገባበት ቤት ያጣል። ሱቅ ያለው የዚህ ጋዜጣ አንባቢ ሁሉ የተዘጋ በር ለገበያ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል።

በኪራይ እተርፋለሁ የሚለውም ሐሳብ ጽኑ አይደለም። በሰኔ ወር 2006 ዓ. ም. በዚያው አውራጃ በምፔኬቶኒ ከተማ ብዙ ሰዎች በግፍ ከተገደሉ በኋላ ወደ ላሙ የሚመጣው እንግዳ እጅግ ቀንሶ ነበር። የአገሩም ሰው ዝም ብሎ የሚገፋ አይደለም፤ በ2010 ዓ. ም. የማሊንዲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ በወደቡ ሥራ ምክንያት እንጀራቸው ለተነካባቸው ከ4000 ለሚበልጡ ዓሣ አጥማጆች 1.76 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ እንዲከፈል ፈርዶ ነበር።

ስለዚህ ንግዱ ወደዚያ የሚወስደው ሰው መጀመሪያ ይከራይ። ከሰሜን የሚነፍሰው ካስካዚና ከደቡብ የሚነፍሰው ኩሲ የተባሉት ሁለቱ ነፋሳት እስኪፈራረቁ አንድ ዓመት ይቀመጥ፤ ጣራው በዝናብ ጊዜ እንዴት እንደሚሆን፣ ውሃው በበጋ እንደማይጐድል ይመልከት። ከባለሱቁ ጋር ደንበኛ፣ ከጎረቤቱም ጋር ወዳጅ ይሁን። የቅርብ ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይበልጣል የሚለው የአባቶች ቃል በባሕር ዳርም ይሠራል። ዓመቱ ካለፈ በኋላ ሊኖርበት ልቡ ከፈቀደ ይግዛ። ቈልፎት ሊሄድ ከሆነ ግን ገንዘቡን በዕቃው ላይ ቢያውለው ለእርሱም ለሰፈሩም ይሻላል፤ ዕቃ ቢከስር በሚመጣው ዓመት ይካሳል፤ ነዋሪዎቹ የለቀቁት ሰፈር ግን በገንዘብ ተመልሶ አይገዛም።