ከሮቤ መጥተው ፈረንሣይ ምግብ ቤት ሲጋበዙ



ከሮቤና ከጎባ ለሕክምና፣ ለቪዛ ወይም ልጅ ለመጠየቅ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ የሚገባ ቤተሰብ ብዙ ነው። ልጅ ሥራ ይዞ ከሆነ «አባባ፣ ዛሬ ምሳ ውጭ ነው የምጋብዝዎት» ማለቱ አይቀርም። ግብዣው ፈረንሣዮች «ቢስትሮ» በሚሉት፣ ወጣቶች በሚያዘወትሩት ዓይነት ቤት ቢሆንስ? ነገሩ ከሩቅ የመጣ አይምሰልዎት። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የፈረንሣይኛ ቃላትም አብረውት ገብተዋል። ለገሃር የምንለው «ላ ጋር» (ባቡር ጣቢያው) ነው፤ ሜኑና ቡፌም የእነርሱ ናቸው።

እኔ መግባቱን አልቃወምም። የምቃወመው አፍሮ ዝም ማለትን ነው። በዘመድ ቤት የቀረበልንን «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ መመርመር ነውር ነው። ከፍለው በሚበሉበት ቤት ግን ይሉኝታ ቦታ የለውም።

ብዙዎቻችን አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቃለን፤ ሥጋው የማን እርድ ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ግን አይበቃም። አስተናጋጁ «ሀላል ነው» ሲልዎት የአሳማ ሥጋ የለበትም ማለቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። የፈረንሣይ ወጥ ቤት ትልቁ ጉዳይ ወይን ነው። «ኮክ ኦ ቫን» የሚባለው በወይን ጠጅ የተቀቀለ ዶሮ ነው፤ ስሙም ይህንኑ ይናገራል። «ቡርጊኞን» የሚባለው የበሬ ሥጋም እንዲሁ ነው። «ኪሽ ሎሬን» እንቁላልና ክሬም ይመስላል፤ ውስጡ ግን የተከተፈ የአሳማ ሥጋ አለ። የአትክልት ሾርባ እንኳ በሥጋ መረቅ ሊሠራ ስለሚችል ይጠይቁ።

«አልኮሉ በእሳት ተንኖ ያልቃል» የሚሉ አሉ። አያልቅም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ባሳተመው ሠንጠረዥ መሠረት፣ ወጥ ውስጥ ተጨምሮ ለ30 ደቂቃ ሲንተከተክ 35 በመቶው፣ ለአንድ ሰዓት ሲቆይ 25 በመቶው ይቀራል። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላም 5 በመቶ ገደማ አለ። ሳህኑ ላይ በነበልባል ሲያነዱት ደግሞ፣ ያ ሁሉ ትዕይንት ታይቶ፣ 75 በመቶው እዚያው ነው! ብይኑን ለዑለሞቻችን እተዋለሁ፤ «ተኗል» የሚለው ማስረጃ ግን አይሆንም።

ዓሣ የእርድን ጥያቄ ያቀልልዎታል፤ ሶሱ ነጭ ወይን እንደሌለበት ግን ያረጋግጡ። ከጣፋጩ ወገን «ሙስ» የሚባለው ብዙ ጊዜ በጄላቲን ይረጋል፤ ጄላቲን ከአሳማ ቆዳም ይሠራል። አንዳንድ ኬክ ሩም ይርከፈከፍበታል። ፍራፍሬ ካለ እሱን ይዘዙ።

ስቴክ ሲያዙ «ምን ያህል ይብሰል?» ይባላሉ። ከመሐሉ የሚወጣው ቀይ ፈሳሽ ደም ይመስላል እንጂ የጡንቻ ቀለም ያለው ውኃ ነው። ስጋቱ ሌላ ነው፤ የኮሶ ትል በአገራችን የሚዛመተው ባልበሰለ የበሬ ሥጋ ነው። መሐሉ 63 ዲግሪ ደርሶ ከእሳት ከወረደ በኋላ ሦስት ደቂቃ ማረፍ አለበት። ስለዚህ ሳያፍሩ «በደንብ ይብሰልልኝ» ይበሉ። ወጥ ሠሪው ቅር ቢለው ይለፈው።

ስለ ቅቤና ክሬም ብዙ አልልም። ጭኮ በቅቤ እያሸን ያደግን ሰዎች ፈረንሣዮችን በቅቤ ብንወቅስ ያስቃል። ሳህናቸው እንዲያውም ትንሽ ነው፤ ከእኛ የሚሻሉበትም በዚህ ነው። ዳቧቸው ግን ነጭ ዱቄት ነው። የባሌ ገብስ ያለው፣ ስኳር ወደ ደም ቶሎ እንዳይገባ የሚያዘገየው አሰር እዚያ ውስጥ ጥቂት ነው። ለልጆች የሚታዘዘው ለስላሳ መጠጥ ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ይከፋል።

የስኳር ሕመምተኛ አባት ወይም እናት ይዛችሁ የምትሄዱ ልጆች ይህን ልብ በሉ። በእነዚህ ቤቶች ምግብ በየተራ ነው የሚመጣው፤ ዋናው ሳህን እስኪደርስ አንድ ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። ከምግብ በፊት የሚወሰደውን ኢንሱሊን ቤት ወግተው ከመጡ፣ ሲጠብቁ ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ካያችሁ ስኳር የገባበት ጭማቂ ወዲያው ስጡ። መርፌውን ይዘው መጥተው፣ ምግቡ መቼ እንደሚደርስ አስተናጋጁን ጠይቀው ቢወጉ ይሻላል፤ ሰዓቱን ከሐኪማቸው ጋር ቀድመው ይነጋገሩበት።