መቧደን ብቻውን የቡድን ሥራ አይሆንም

በቡድን የመሥራት ክህሎት አንድ ሰው ለብቻው የማይወጣውን ሥራ ከሌሎች ጋር ተካፍሎ፣ ድርሻውን በሰዓቱ አድርሶ፣ እንከን ሲያይም ሳይደብቅ ተናግሮ ከፍጻሜ የማድረስ ችሎታ ነው። ብዙ ጊዜ እንደ ጠባይ ይቆጠራል፤ ሰው የሚወድና ጨዋታ አዋቂ የሆነ ሁሉ ለቡድን ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ተግባቢነት ይረዳል፤ ክህሎቱ ግን እሱ አይደለም። ጨዋታ አዋቂው ቀጠሮ አፍራሽ፣ ዝምተኛው ደግሞ ሥራ የማያጓድል ሊሆን ይችላል። ክህሎቱ እንደ ብየዳ ሁሉ በትምህርትና በልምምድ የሚገኝ፣ በምዘናም የሚለይ ነው። የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች፣ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪን መቧደን ለምደዋል፤ በቡድን መሥራትን ግን ያስተምራሉ ለማለት አያስደፍርም። የሥራ ማስታወቂያዎች ደግሞ “በቡድን መሥራት የሚችል” እያሉ ይጠይቃሉ፤ አመልካቹ ከየት ተምሮት እንደሚመጣ ግን የሚነግር የለም። የዚህ ጋዜጣ አቋም ክህሎቱ በይፋ ሊሰጥ፣ በይፋም ሊመዘን ይገባል የሚል ነው።

ክህሎቱ ሲተነተን ዝርዝሩ ረጅም አይደለም። ሥራ ሳይጀመር ማን ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚጨርስና ለማን እንደሚያስረክብ መነጋገር ይቀድማል። የተነገረን ነገር መልሶ በመናገር በትክክል መሰማቱን ማረጋገጥ ይከተላል። ከዚያ ርክክብ አለ፤ ተረኛ ሲቀየር የቀረው ሥራ፣ የተበላሸው ዕቃና የደንበኛው ቅሬታ ለተተኪው መተላለፍ አለበት። አለመግባባት ሲነሳም ክርክሩን ከሰውየው ላይ አንስቶ ሥራው ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ቀላል የሚመስለው ይህ ሁሉ ፋብሪካ ውስጥ ሲገባ ዋጋው ይታያል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በመሰሉ ቦታዎች አንድ ሸሚዝ በብዙ እጅ ያልፋል፤ አንዷ ኮሌታ፣ ሌላዋ እጅጌ፣ ሌላዋ ኪስ ትሰፋለች። የጠመመ ኮሌታ ዝም ተብሎ ከተላለፈ ጉዱ የሚወጣው መጨረሻ ላይ፣ ጥራት ተቆጣጣሪዋ ዘንድ ነው፤ እስከዚያ የተሰፋው ሁሉ ይተረተራል። አንዷ ስትዘገይ ከእሷ ቀጥሎ ያሉት እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ፣ ከዚያ በፊት ተቀጥረው የማያውቁ ወጣት ሴቶች ናቸው። ስፌቱን ከለመዱ በኋላም ቀጥላ ያለችውን ባልደረባ አስቦ መሥራት ራሱን የቻለ ልምምድ ይጠይቃቸዋል።

ይህን ልምምድ ትምህርት ቤት ሊሰጠው ይችል ነበር። በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች “ግሩፕ አሳይመንት” የሚባለው ግን የታወቀ አካሄድ አለው፤ አንድ ወይም ሁለት ጎበዝ ተማሪ ይጽፋል፣ ሌሎቹ ለማሳተሚያ ያዋጣሉ፣ የሁሉም ስም ከነመታወቂያ ቁጥሩ ሽፋኑ ላይ ይሰፍራል፣ ውጤቱም እኩል ይታደላል። ከስም ባለቤቶቹ አንዳንዶቹ የጽሑፉን ይዘት የሚያዩት “አቅርቡ” በተባሉ ዕለት ነው። ጎበዙ ከዚህ የሚማረው ሰውን አለማመንን፣ ሰነፉ የሚማረው መደበቅን ነው። ከትምህርት ቤት እስከ መሥሪያ ቤት ተዘርግቶ የነበረው የ“አንድ ለአምስት” አደረጃጀትም ከዚህ ብዙ አልራቀም፤ አንዱ እንዲጎትት፣ ሌሎቹ እንዲጎተቱ የታሰበ ነበር። ከፖለቲካ ክትትል ጋር መነካካቱ ደግሞ የመረዳዳቱን ሐሳብ ጭምር አስጠላው። ዛሬ የቡድን ሥራ ሲነሳ ፊቱን የሚያጠቁር ሰው ቢኖር ያለ ምክንያት አይደለም።

በቡድን ውስጥ መደበቅ የአንድ አገር ሰው ጠባይ አይደለም። ፈረንሳዊው የግብርና መሐንዲስ ማክስ ሪንገልማን እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች ገመድ አብረው ሲስቡ የእያንዳንዱ ጉልበት ለብቻው ከሚስብበት እያነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል፤ ስምንት ሲሆኑ እያንዳንዱ ከአቅሙ ግማሽ ያህሉን ብቻ ያወጣ ነበር። የጉድለቱ ከፊል ያለመናበብ ነው፤ ሁሉም በአንድ ቅጽበት አይስብም። ቀሪው ግን ልግመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ እነ ቢብ ላታኔ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሰዎችን በኅብረት እያስጮኹ ይኸንኑ ልግመት ለክተዋል። የየአንዳንዱ ድምፅ ተለይቶ እንደሚለካ ሲነገራቸው ግን ልግመቱ ጠፋ። ድርሻው ተለይቶ የማይታይበት ቡድን ሰነፍ ያመርታል ማለት ነው፤ የ“ግሩፕ አሳይመንት”ም ሕመሙ ይኸው ነው።

የኢትዮጵያ ገበሬ ይህን ያለ ሪንገልማን ያውቀዋል። በወንፈል አንዱ ለሌላው ያዋለው ቀን ይቆጠራል፤ ተራው ደርሶ ያልመለሰ በሚቀጥለው ክረምት የሚያግዘው አያገኝም። እድር ደግሞ የተጻፈ ደንብ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ለቀብር ያልመጣ ስሙ ተመዝግቦ ይቀጣል፤ ተቀጣሁ ብሎም ከእድሩ አይወጣም። የብዙ ተማሪዎች ወላጆች የእድር አባላት ሆነው ሳለ የልጆቻቸው የክፍል ቡድን ደንብም፣ ሰብሳቢም፣ መዝገብም የሌለው መሆኑ ይገርማል። ይሁን እንጂ ባህሉ እንዳለ ተወስዶ ለመሥሪያ ቤት አይበቃም። የእድር ሰው ጎረቤቱን ያውቃል፣ ሥራውም የለመደው ነው። ተቀጣሪ ግን የሚመደበው ከማያውቀው፣ በዕድሜም በሙያም አንዳንዴም በቋንቋ ከሚለየው ሰው ጋር ነው።

የዚህ ክፍተት ዋጋ በኮብልስቶን ሥራ ላይ በግልጽ ታይቷል። ሥራ አጥ ወጣቶች ብድር፣ የመሥሪያ ቦታና የመንግሥት ሥራ እንዲያገኙ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጁ ይባሉ ነበር። ድንጋይ መጥረብና ማንጠፍ ሠለጠኑ፤ ለብድሩም አንዱ ለሌላው ዋስ ሆነ። የጠነከሩና እስከ ዛሬ የሚሠሩ ማኅበራት አሉ። የሚፈለገውን ቁጥር ለማሟላት ብቻ የተሰባሰቡት ግን ክፍያ በወጣ ማግስት መፍረስ ጀመሩ። ሲጠርብ የዋለውና በስም ብቻ ያለው እኩል እየተካፈሉ፣ ሒሳቡ በአንድ ሰው ደብተር ተይዞ፣ ስብሰባ የሚጠራው ጠብ ሲነሳ ብቻ ሆኖ ሌላ ውጤት ሊጠበቅ አይችልም ነበር። ድንጋይ ለመጥረብ ስልጠና ያስፈልጋል ከተባለ፣ ሥራና ገንዘብ ለመካፈልም እንደሚያስፈልግ መታሰብ ነበረበት።

ከክህሎቶቹ ሁሉ ከባዱ ለአለቃ ወይም ለታላቅ “ይህ ልክ አይመስለኝም” ማለት ነው። ታላቅን ማክበርም ይሉኝታም የመልካም አስተዳደግ ምልክት ናቸው፤ ሥራ ላይ ዝምታን ጨዋነት ካስመሰሉ ግን ሕይወት ያስከፍላሉ። ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ እንዳልሆነ የአቪዬሽን ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1978 የዩናይትድ አየር መንገድ አውሮፕላን በአሜሪካዋ ፖርትላንድ ከተማ ሊያርፍ ሲል የማረፊያ እግሩ አጠራጠረ። ዋና አብራሪው ስለ እግሩና ስለ ተሳፋሪዎቹ ዝግጅት እያሰበ አንድ ሰዓት ያህል በአካባቢው ሲዞር ነዳጁ አለቀ። ረዳት አብራሪውና የበረራ መሐንዲሱ ነዳጁ መመናመኑን አይተዋል፤ አንስተውታልም። ነገር ግን የተናገሩት በለዘበና በተድበሰበሰ ቃል ነበር፤ “አሁኑኑ ማረፍ አለብን” ብሎ አለቃውን የተጋፈጠ አልተገኘም። አውሮፕላኑ ወድቆ 10 ሰዎች ሞቱ።

በሚቀጥለው ዓመት የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ይህን መሰሉን አደጋ የሚመረምር ዐውደ ጥናት ጠራ፤ አየር መንገዱም እ.ኤ.አ. በ1981 ለአብራሪዎቹ ልዩ ስልጠና ጀመረ። ስልጠናው ታናሹን ስጋቱን በግልጽ ቃል እንዲናገር፣ ሰሚ ካጣም እንዲደግም ያለማምደዋል። ታላቁን ደግሞ ሐሳብ እንዲጠይቅና ሲነገረው እንዳይቆጣ ያለማምዳል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል የሚሉ ቢኖሩ አይፈረድባቸውም። ዛሬ የኢትዮጵያ አየር መንገድን ጨምሮ በዓለም ዙሪያ የበረራ ሠራተኞች ሊያልፉበት የሚገባ መደበኛ ስልጠና ሆኗል። ሕክምናም ተከትሏል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝር፣ የቡድኑ አባላት ቀዶ ሕክምናው ሳይጀመር ስማቸውንና ድርሻቸውን ጮክ ብለው እንዲናገሩ ይጠይቃል፤ ዝርዝሩ በ8 ከተሞች በተሞከረበት ጥናት የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። በአደጋ የተገደዱ ሙያዎች መናገርን ካስተማሩ፣ ሌሎቹ አደጋ እስኪመጣ የሚጠብቁበት ምክንያት የለም።

ኢትዮጵያ ከባዶ አትጀምርም። በጃፓን ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት የተቋቋመለት ካይዘን፣ ሠራተኞች በቡድን ተሰብስበው ስለ ሥራ ቦታቸው እንከን እንዲነጋገሩ ያደርጋል። የቴክኒክና ሙያ ደረጃዎችም በቡድን መሥራትንና አነስተኛ ቡድን መምራትን እንደ አንድ ብቃት ይዘዋቸዋል። ዩኒቨርሲቲዎችም ለአዲስ ገቢዎች የሕይወት ክህሎት ኮርስ ይሰጣሉ። ጉድለቱ ያለው ምዘናው ላይ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናም፣ በ2015 ዓ.ም. ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ መርሐ ግብሮች የተጀመረው የመውጫ ፈተናም ተፈታኙን ለብቻው ነው የሚለኩት። በፈተና የማይመጣ ነገር እንደማይጠና ደግሞ ማንም ተማሪ ያውቃል።

ስለዚህ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የብቃት ምዘናው ላይ ሦስት ወይም አራት ተመዛኞች ተካፍለው የሚጨርሱት ተግባር ሊጨምር ይገባል። በመሐል አንዱ እንዲቀየር ተደርጎ ርክክቡ ይታይ፤ የተበላሸ ዕቃም ሆን ተብሎ ይቀላቀልና ማን እንዳሳወቀ ይመዝገብ። ለትብብር ስልጠና ሠልጣኝ የሚቀበሉ ድርጅቶች ልጁን ለመጥረግና ለመላላክ ከማቆየት በአንድ ፈረቃ ውስጥ ቢመድቡት፣ የፈረቃውን ማስታወሻም እንዲጽፍ ቢያደርጉት ሁለቱም ይጠቀማሉ። ቀጣሪዎችም ድርሻ አለባቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ይደርሳል፤ አዲሱ ሠራተኛ ለማን እንደሚያስረክብ፣ ችግር ሲያይ ለማን እንደሚናገር በመጀመሪያው ቀን ካልተነገረው፣ በመጨረሻው ቀን “ከቡድኑ ጋር አልተግባባም” ብሎ ማሰናበት ፍርደ ገምድልነት ነው።

መምህራን የሚያነሱት ተቃውሞ ሚዛን አለው። ብዙ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል የየአንዳንዱን ድርሻ መከታተል አድካሚ ነው፤ ጎበዝ ተማሪም ውጤቴ በሰነፍ እጅ ይወድቃል ብሎ ቢያማርር እውነቱን ነው። መፍትሔው ግን አዲስ ኮርስና አዲስ በጀት አይሻም። ቡድኑ ከአራት ባይበልጥ፣ ሥራው ሳይጀመር የየድርሻው ወረቀት በሁሉም ፊርማ ለመምህሩ ቢሰጥ፣ በማቅረቢያው ዕለት መምህሩ አንዱን ተማሪ በዕጣ አንስቶ ስለ ሌላው ድርሻ ቢጠይቀው ይበቃል። ውጤቱም ለሁለት ይከፈል፤ ግማሹ ለጋራ ሥራው፣ ግማሹ ለየግል ድርሻው ይሁን። የተጣላ ቡድን ወደ መምህሩ ሲመጣ ደግሞ አባል በመቀየር አይሸኝ፤ የፈረሙበት ወረቀት ይውጣና ማን የቱን እንዳላደረሰ ራሳቸው ይነጋገሩ።