ጣሪያው ላይ ያለው ኩንታል

ባልና ሚስት መኪና ውስጥ የሚጣሉበት ቃል አንድ ነው፦ «ቀስ በል!» እኔም ብያለሁ። ጥር 2010 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ሠርግ ስንመለስ፣ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል፣ ሦስት ጊዜ ብያለሁ። ባለቤቴ «ቀስ ብዬ ነው፤ መኪናዋ ናት እምቢ ያለችኝ» ቢል አላመንኩትም። ስንሄድ በዚያው መንገድ በሰላም አልፈን የለ?

እውነቱን ነበር። ስንመለስ ዘመዶቻችን አንድ ኩንታል ጤፍ ሰጥተውን ኮሮላዋ ጣሪያ ላይ አስረነዋል። ውስጥ ደግሞ አምስት ነን። ክብደት ወደ ላይ ሲወጣ መኪና በየኩርባው ታዘነብላለች፤ ለመመለስም ትዘገያለች። ጎማውም የተነፋው ለቀላል ጭነት ነበር። አየር ያነሰው ጎማ ጭነት ሲበዛበት ጎኑ ይለመጣል፣ ይግላል፤ መሪ ስታዞሩም ዘግይቶ ይታዘዛል። ትክክለኛው ልክ ብዙ ጊዜ በሹፌሩ በር በኩል በተለጠፈው ወረቀት ላይ፣ ለባዶና ለሙሉ ጭነት ለየብቻ ተጽፏል። (ስንት ዓመት ከፍቼ ዘግቼዋለሁ፤ አንድ ቀን አላነበብኩትም።) የሚለካውም ጎማው ሳይግል፣ ጠዋት ነው።

ግማሽ መንገድ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ፍሬኑ ነው። ቆምን። ውኃ ላፈስበት ስል አንድ የአይሱዙ ሹፌር ከኋላችን ቆሞ «እንዳታፈሺ እኅቴ! የጋለ ብረት ይሰነጠቃል» አለኝ። ከዚያም ለባለቤቴ፦ «ወንድሜ፣ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ አይወረድም። በከባድ ማርሽ ያዛት፣ ሞተሩ ይጎትትልህ። ፍሬን ከጋለ እግርህ ሥር ባዶ ይሆናል።» ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚሸከመው ጉልበት አራት እጥፍ ነው፤ ጭነት ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት።

እግረ መንገዱን ጎማችንን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ሁለት አዲስ ጎማ ገዝተን ፊት አስገጥመናል፤ መሪው ያለው እዚያ ነው ብለን። የጎማ ጥርስ ሲያልቅ በዝናብ ውኃውን ማስወጣት ያቅተዋል፤ መኪናዋም ውኃ ላይ ትንሳፈፋለች። ፊቱ ቢንሸራተት ፍጥነት ቀንሶ መመለስ ይቻላል፤ ኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናዋ ትዞራለች፣ ብዙዎቻችንም አንመልሳትም። ስለዚህ ሁለት ብቻ ከገዛችሁ አዲሱ ለኋላ ነው። ጎሚስታው ቢከራከራችሁም።

ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሬኑ እስኪበርድ ጠበቅን። ኩንታሉን ሹፌሩ በአይሱዙው ጭኖ አዲስ አበባ አደረሰልን፤ ገንዘብ ብንሰጠው እንቢ አለ። ለባለቤቴም ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ቀላል አልነበረም።

የቀረውን ቁልቁለት እኔ ነዳሁ፣ በሁለተኛ ማርሽ። «ቀስ በይ» ያለው እርሱ ነበር።